ለእርጉዝ ላም አይሰጥም

ለወንድሜ ለሙጂብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳው ሙቀት በረደልህ ወይ? ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ተናድጄብሃለሁ። በስልክ እንዳልናገርህ አባባ ከአጠገቤ አይጠፋም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደዚያ ለሚመጣው ለአብዱልጀሊል ሰጥቼዋለሁ።

ዳልቻዋ ላማችን ጽንሷን እንደጣለች ነግረንሃል። አባባ የትል ኪኒን የሰጣት አንተ ለከብት መድኃኒት ነጋዴው በሠራኸው ድረ ገጽ፣ አንተው በላክህለት ስልክ አንብቦ ነው። ከጨፋ ሮቢት የገዛውን ኪኒን ከሥዕሉ ጋር አስተያይቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበልን። ስለ እርጉዝ ላም አንድ ቃል አልነበረም። ስንነግርህ ምን አልክ? «ተጽፏል እኮ፣ አላየውም እንዴ?» ብለህ ሳቅህ። የስልኩ ድምፅ ክፍት ስለነበር አባባ ሰምቶሃል።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ደጅ ወጥቶም ፈለገ። አጣው። ባለፈው ጁምዓ ጎረቤታችን መሪማ እንደ ልማዷ ከልጇ የመጣላትን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ሳይከፍት መለሰላት። ለእኔም «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይኔ ከድቶኛል፤ ጥጃውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከቶታል።

እኔ ግን አላመንኩህም። ሰልማ የምትሠራበት ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ገጹን አስከፈትኳት። የማውሱ ቀስት በኪኒኑ ስም ላይ ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ «ለእርጉዝ ላም አይሰጥም» ትላለች። ቀስቱ ሲሸሽ ጠፋች። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በስልክ ቀስት ስለሌለ፣ በጣት ቢነኩት ቢነኩት እንደማትወጣም አሳየችኝ። ሰልማ ሳጥኗን አልጠላቻትም። አንድ ምልክት ምን እንደሚሠራ ሹክ ብትል ጥሩ ናት፣ ባያዩዋትም ማንም አይጎዳም አለች። ሰው ካላየው የሚጎዳበት ነገር ግን ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፋል እንጂ እዚያ አይደበቅም ስትል ጨመረች። እሷ ይህን የተማረችው በአንድ ክረምት ሥልጠና ነው፤ አንተ ስንት ዓመት ተማርክ? ገጹ እንዲያምርልህ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያንተ ውሻ ደግሞ ቀስት ካላለፈበት አይጮህም።

ጽሑፉን ዛሬውኑ ወደ ፊት አውጣው። ከዚያ ለአባባ ደውልና ዓይኑ ደህና እንደሆነ፣ የደበቅኸው አንተ እንደሆንክ በገዛ አፍህ ንገረው። እኔ ብነግረው ልታጽናኚኝ ነው ብሎ አላመነኝም።

እማ ሰላም ትልሃለች፤ ያደረግኸውን ስለማታውቅ አሁንም ዱዓ ታደርግልሃለች። ትንሿ ዓፊያ መቼ ይመጣል እያለች ትጠይቃለች። መሪማም ሰላም ብላሃለች፤ ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንዲያነብላት ስላልፈለገች እስካሁን እንደታሸገ ነው። አባባ እንደ ወትሮው በእጁ ሰላምታ እንዲጽፍልህ የጻፍኩትን እንዳያነብ ወረቀቱን አጥፌ ከታች ቦታ ትቼለት ነበር። ብዕሩን መለሰልኝ። ቦታው ባዶውን መጥቶልሃል፣ እየው።

ታላቅ እህትህ ረቢአ
ከሚሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2008 ዓ.ም.