ደንሊን መኪናን ተከትዬ

ለምወድህ ወንድሜ ለዴንዚል፤

እንደምን ከረምክ? እንደምን ባጀህ? የኛ ክረምት እዚያ አውስትራሊያ ላንተ በጋ ነውና የትኛውን እንደምጠይቅህ እንጃ። ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ማቪስና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? እኛ ጤናችን ደኅና ነው፤ እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልህ የማድ ቤቱ መስኮት ላይ ተደግፌ፣ ቆሜ ነው።

የደንሊን መኪና ሥራችን ተዘጋ። ወርክሾፕ ባደረግነው ዶሮ ቤት ውስጥ አንተና ባሌ ሮላንድ የመጀመሪያውን የፋይበር ግላስ ቦዲ ከቅርጽ ማውጫው ፎርማ ስታላቅቁ፣ ሦስታችንም እንደ እብድ መጮኻችን ትዝ ይልሃል? አንተ አውስትራሊያ ከገባህ በኋላ ነገሩ ደምቆ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ቦዲና ሻንሲውን ከኛ ይወስድና፣ ሞተሩን ካሮጌ መኪና ነቅሎ፣ ቅዳሜና እሁድ ጓሮው ውስጥ ይገጣጥም ነበር። ዝናብ ያስገባል ብሎ ያልወቀሰን የለም፤ መኪናውን የሸጠ ግን አልሰማሁም።

ዘንድሮ በኤፕሪል አዲሱ ግብር መጣ። ራሱ ለሚገጣጥም ሰው የነበረው የቀረጥ ምሕረት ቀረ። የኛም ዋጋ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር ሲቀራረብ ስልካችን ዝም አለ። ሮላንድ ስኳር ፋብሪካ ተቀጠረ። እኔ ባዶውን ዶሮ ቤት እየጠረግሁ፣ የተጠረገውን መልሼ እየጠረግሁ በጋውን ገፋሁት።

ባለፈው ሐሙስ ሚስተር አክሮይድ የሚባል ሰው ፎርማዎቹን ሊገዛ ከሩቅ፣ ከዮርክሻየሯ ሃደርስፊልድ መጣ። የበሩን ፎርማ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ፋይበር ግላሱን በሙጫ እየነከረ የሚደራርብላችሁ ማን ነበር?» አለ። ሮላንድ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

«አንቺ ነሽ? እንግዲያ ለምን ከፎርማዎቹ ጋር አብረሽ አትመጪም? እኔ ቦታ እንጂ እጅ የለኝም» አለኝ።

ሮላንድ ሳቀና፣ «ይቀልዳል» አለኝ።

«እኛ ዮርክሻየሮች በሥራ አንቀልድም» አለ ሰውዬው።

«የመኪናው ስም ካልተቀየረ እመጣለሁ» አልኩ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሰውዬው ግን ወዲያው እጄን ጨበጠኝ።

እንግዳው እንደሄደ ሮላንድ፣ «ሞቶ የተቀበረ መኪና ተከትለሽ ልትሄጂ ነው?» አለኝ።

«ለኔ አልሞተም።»

«እኔስ?»

ራቱን አቀረብኩለት፣ ዴንዚል። እሱም ሳይበላ ወጣ። ሁለት ቀን ውሃ ቀጠነ እየተባባልን ዋልን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን የኛን አረንጓዴ ደንሊን አጥቦ፣ ካንዴላዎቹን እየቀየረ አገኘሁት። ቀና ሳይል፣ «ደንሊን የሚሠራ ሰው በባቡር አይሄድም። ዓርብ ዓርብ ነይ። ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። ላቅፈው አስቤ፣ እጁ በግራሶ ተለውሷል ብዬ ተውኩት። አሁን ይቆጨኛል።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ምከረኝ አልልህም፤ ይህ ሲደርስህ እዚያ ነኝ። ሻንጣዬን አሥሬ እዘጋለሁ፣ አሥሬ እከፍታለሁ፤ የረሳሁት ነገር ግን የለም።

ማቪስን ሳምልኝ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን። አክስት ኤድናም ጉልበቷ ቢያማትም ምላሷ ደኅና ነው፤ «ባሏን ጥላ ለፕላስቲክ!» እያለች ላገር ሁሉ አውርታለች፤ ሰላም ብላሃለች። ሮላንድንም አንድ መስመር ጻፍለት ብዬው ነበር። እስክሪብቶውን ከተቀበለኝ በኋላ፣ «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ በይልኝ» ብሎ መለሰልኝ።

እህትህ ሙሪየል

ፌክንሃም፣ ኖርፎክ
ኦክቶበር 15 ቀን 1973