በየእሑዱ የሚደውል ልጅ

ውድ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ።

አባባ ስለ አንተ «ልጄ በየእሑዱ ይደውላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁና ደስ አለኝ፤ እሑድ ልብስ ሳጥብ አምልጦኝ ይሆናል። የነገሩት ወላጆችና ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ ለምታጠና፣ ከዩኒቨርሲቲ ለመጣች ተመራማሪ ነው። መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጠቻቸው፤ እኛ ቤት እንዲህ የተደመጠ ሰው አላውቅም። እማማም ዝም አላሉም፤ «ባለፈው እሑድማ ድምፁ ራሱ ወፍሯል፣ ተመችቶታል» አሉ።

ተመራማሪዋ ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያው እሱንም በስልክ ላነጋግረው» አለች። አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቁጥሩን ስጫት እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አሉኝ። ያለኝን ሰጠኋት። እዚያው ደወለችና «ዝግ ነው» አለች።

«ሥራ ላይ ነዋ!» አሉ አባባ። «ተኝቶ ይሆናል» አሉ እማማ። እኩል ነው የተናገሩት። ተመራማሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። አባባ ሐሙስ መጥታ ደግማ እንድትሞክር ቀጥረዋታል።

ከአባባ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተንም ክፉ አይንካህ።

እህትህ

ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎቼ ሳይከፈቱ ተመልሰዋል። ይህንንም የምልከው በዚያው አድራሻ ነው፤ ሌላ የለኝም።