ነፋስ ያልነበረበት ሳምንት

ሆሳዕና፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፣ እንሰቱ ደህና ይዟል፣ ቤትህም እንደቆመ ነው። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳላልፍ ግን የሳሎኑ ኤሲ አለ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንተ «ሃሎ» ካልኩ በኋላ ለሌላ ቃል ቦታ አትተውልኝም። ስለዚህ ወደ ደርባን በሚመለሰው በጎረቤታችን ልጅ እጅ ደብዳቤ ላክሁ። ደብዳቤ ላይ ብትጮህም አልሰማህም። እስከ መጨረሻው አንብበህ ከዚያ ተቆጣ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቴሌግራም «ሌባ» ያልከውን ሰው ስም በዚያው ቴሌግራም እንድትመልስለት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ኤሲውን ስታስገባ «እህቴን ሙቀት እንዳይነካት» ብለህ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ከዚህ ከወጣህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖህ፣ የደርባን ሙቀት የሆሳዕናን ብርድ አስረስቶሃል። እዚህ ሰው ጠዋት ጋቢ ሳይደርብ ከቤት አይወጣም። እንዲያም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ አበራዋለሁ፤ በቪዲዮ ስትደውል መብራቱን ካላየህ ታኮርፋለህ። የማክሰኞ ጸሎት ተራው እኛ ቤት ሲደርስ ምእመናኑ ሁለት ሹራብ ደርበው መምጣት ጀምረዋል።

ከመስቀል በኋላ በአንዱ ማክሰኞ ሳሎኑ ሞልቶ ሳለ ኤሲው ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ከሥሩ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ጴጥሮስ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ራሰ በራቸው ላይ ስታርፍ ከላይ የመጣች መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። በሦስተኛዋ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ኤሲውን አዩት፣ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረጉ።

ከዚያ ጠጋኝ ፍለጋ ወጣሁ። ገበያው አጠገብ ፍሪጅ የሚሠራው ሰውዬ ሳይከፍተው «ጋዝ ጨርሷል» አለና ጋዝ ሞላበት። ውሃው ባሰበት። ቀጥሎ የአክስታችንን ልጅ ሲላስን ከጊምቢቹ ጠራሁት፤ ዲሽ ስለሚተክል ኤሲም አያቅተውም ብዬ። እሱ ደግሞ ኤሲውን በአንድ ጎን ዘመም አድርጎ አሰረውና አሁን ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ፤ የምረቃህ ፎቶ ወደተሰቀለበት ጥግ። ዘመድ ነውና ምሳ አብልቼ ሸኘሁት።

ሦስተኛው ዘርአብሩክ ነው። አባቱ ድሮ ከጎንደር በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሱም እናንተ የውጭ ልጆች ባሠራችኋቸው ቤቶች ፍሪጁንም ፓምፑንም እየጠገነ ይኖራል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ብዙ አይናገርም። ሽፋኑን ፈታ፣ ማጣሪያውን አጠበ፣ አንድ ጆግ ውሃ ከላይ አፈሰሰና ወደ ጓሮ ዞረ። ተከተልኩት። የውሃ ማስወጫው ቱቦ ከግድግዳው ወጥቶ እንሰቱ መሃል ያበቃል። እዚያ ጎንበስ አለና ጭብጥ የምታህል የእንሰት ቃጫ መዝዞ አወጣ፤ ደህና ተደርጋ የተቋጠረች። ውሃው ተንዶልዱሎ ወረደ። ቃጫዋን እያገላበጠ አያት፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «አይጥ ይሆናል» አለ። እኔም አዎ፣ ዘንድሮ አይጥ በዝቶብናል አልኩት።

አይጥ ቃጫ አትቋጥርም፣ ወንድሜ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።

አትሳቅ። ኤሲው በተሰቀለ ማግሥት ከጓሮ በኩል ሳየው ባዶ ቀዳዳ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች የበር ስንጥቅ በጨርቅ ሳትወትፍ ተኝታ ታውቃለች? በቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ጎን ይወጋል ትል አልነበር? እኔም የእሷ ልጅ ነኝና ወተፍኩት። ብርድ የሚተፋ ማሽን ከፊት ሰቅዬ፣ ብርድ እንዳይገባ ከኋላ ቀዳዳ እደፍናለሁ። ውሃ ቢኖር እንኳ ያልፋል ብዬ ነበር፤ እንሰት ስንፍቅ ጭማቂው ከቃጫው ጠብ እያለ ይወርድ የለ?

ዘርአብሩክ ቀዳዳው ክፍት መሆን እንዳለበት በትሕትና አስረዳኝ፣ ሻይ ጠጣና ሄደ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነ። ከዚያ እንደገና ተንጠባጠበ፤ አንተም በዚያው ሰዓት በቪዲዮ ደውለህ ባልዲውን አየህ። የቀረውን አንተው ታውቀዋለህ። የዘርአብሩክን ስልክ ቁጥር ከሲላስ ተቀብለህ ሰደብከው። ፎቶውን ደርባን ባላችሁት ልጆች ግሩፕ ላይ ለጥፈህ፣ ይህን ሌባ ቤታችሁ እንዳታስገቡት አልክ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ። የሚሠራባቸው ቤቶች የእነዚያው ልጆች ናቸውና በአንድ ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ አትምጣብን አሉት። እኔ ዝም አልኩ። እንደዚያ ሳምንት በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ተሰድቦም መጣ። ኤሲውን አልነካውም፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደና ቃጫዋን መዘዘ። ቋጠሮዋን ተመለከተ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን፣ በቃጫ የታሰረውን የቅቤ ጥቅል ተመለከተ። ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባው የእናታችን አስተሳሰር ነው፤ በመንደራችን ከእኔ በቀር የሚያስረው የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማወቁን ነገረኝ። ታዲያ ወንድሜ ያን ሁሉ ሲያወርድብህ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«ወንድምዎ የሰደበኝ በስልክ ነው፤ ስልክ ይዘጋል። እርስዎ ግን እዚሁ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት» አለኝ።

አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሃለሁ። ቃጫዋን ልጥላት እጄን ብዘረጋ ኪሱ ከተታት።

«የታመነ ሠራተኛ ፈልጊ፣ ማንንም ቤት እንዳታስገቢ» ትለኝ አልነበር? ይኸው አገኘሁ። የቱቦውን አፍ ወደ ታች አጎንብሶ ወንፊት አልብሶልኛል፤ አይጥም ነፋስም አይገባም። ኤሲው ግን ክትትል ስለሚፈልግ በየቅዳሜው እየመጣ ያየዋል። አንዳንዴ ሳናበራው ሁሉ ያየዋል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ቅቤ መብላት ትቻለሁ፤ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። ጎረቤቶች ጴንጤ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾመው እያሉ ያሾፋሉ፤ ወሬኛ ምን ይጠፋል።

እንግዲህ በግሩፑ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ ቱቦውን የደፈነችው እህቴ ናት፣ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ አጥፍቻለሁ። ስሜን ጥራው፣ እኔ ይሳቅብኝ። ለእሱም ደውልለት፣ ግን አትጩህበት። ይህን ሁሉ ከየካቲት አንድ በፊት ጨርስ። በዚያን ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ጴጥሮስ ይደውሉልሃል። አብረዋቸው ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አባታችን ስለሌለ አንተን ነው የሚያነጋግሩት። ሱቁን ለሰው ስጥና ተቀምጠህ፣ ሸሚዝ ለብሰህ አናግራቸው። የኤሲውን ነገር የሚያነሱ አይመስለኝም።

የእናታችን አምላክ ከክፉ ሰውና ከክፉ መንገድ ይሰውርህ። እጅህ የነካው ይባረክ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

ታላቅ እህትህ

ልረሳው ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ ማን ደፈነው ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እኔው ነኝ። ያን ሳምንት ደግሞ ነፋስ አልነበረም።