«አርፈዋል» የተባሉት ሰው

«እሳቸውማ አርፈዋል» ሲባል ሰምተሽ፣ ሰውየው ሞቱ ብለሽ ራስሽን ይዘሽ የምትመለሺ ከሆነ፣ እታለም፣ በእውነትም የአንድ አባት ልጆች ነን። እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት። ያመጣብንን ጣጣ ከመንገሬ በፊት ግን ሰላምታው ይቅደም።

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል? ባለቤትሽ ደኅና ነው? ልጆቹስ መደባደቡን ትተው ወደ መኮራረፉ አደጉ? እኛ ደኅና ነን፤ ጣራው ማፍሰሱን ትቷል፣ ዝናቡ ስለቆመ። አባባም ጤናው ደኅና ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ቃል አይተነፍስም። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

እንደምታውቂው፣ እዚህ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን «ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት ይቀብራል» ይሉኛል። ዘንድሮ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ለከተማው የደከሙ ሦስት ሲቪሎችን ሊሸልም አሰበና ታሪካቸውን ጻፍልን አለኝ። በሕይወት ስላለ ሰው ጽፌ አላውቅም ብላቸው፣ ሊቀመንበሩ ኮሎኔል «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ልዩነቱ ሟች አለማረሙ ነው። ጡረተኛዋ አዋላጅ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ መለሱልኝ፤ «አራት ሺህ ሕፃናት ተቀብለዋል» ብል፣ «አራት ሺህ ከአሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንዱ ምን አደረጉህ?» ብለው። የእሳት አደጋው አለቃ ደግሞ የሌላ ሰው ቤት እሳት ሲያጠፉ የራሳቸው ቤት መቃጠሉ እንዳይጻፍ ለመኑኝ። ባለቤታቸው ዛሬም አልረሱላቸውም።

ሦስተኛው ተሸላሚ ሠላሳ ዓመት የውሃ መሥሪያ ቤቱን የመሩት፣ የአባባ የድሮ አለቃ ናቸው። ቀጠሮ ለመያዝ ማኅበሩ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ በስልክ ስማቸውን ጠርታ «እሳቸውማ አርፈዋል፤ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ስትል ከበሩ ላይ ሰማሁ። ፊቷ ጥቁር ብሏል። የእሷ ፊት የማይጠቁርበት ቀን እንደሌለ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። መርዶ ሁለት ጊዜ አያስነግሩም ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ። ለካስ ሰውየው ምሳ በልተው ጋደም ብለው ኖሯል።

ለአባባ ስነግረው የሻይ ብርጭቆውን ቁጭ አደረገ። «እንግዲህ አፌ ተፈታ» አለ።

የነገረኝ ይህን ነው። በዚያ በጦርነቱ በጋ፣ አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እኔ ገና ጡት ላይ ሳለሁ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር በሌላኛው ጦር እጅ ነበር። ድልድዩ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ወዲያና ወዲህ ማለት ቀረ። በሦስተኛው ቀን ለማዶ ሰፈር ውሃ ይዘጋ፣ የከፈተ ይረሸናል የሚል ትእዛዝ ወጣ። አለቃው አባባን ጠርተው «ጠባቂዎቹ ምሳ ሲሄዱ ክፈት፣ ሲመለሱ ዝጋ» አሉት። ሰባት ቀን ከፈተ። እሳቸው ራሳቸው የውሃው መክፈቻ ቫልቭ ያለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ውሃው ሲሄድ ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ «ሰማኸው? እየሄደላቸው ነው» ይሉት ነበር። በስምንተኛው ቀን ጥበቃው ተጠናከረና ቀረ። «እኔ እስካርፍ ድረስ ካንተ አፍ እንዳይወጣ» አሉት። አርባ ዓመት አልወጣም። እናታችን፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ ሰባት ቀን ሙሉ ለምሳ ሲያረፍድባት ሌላ ሴት ይዟል ብላ ያኮረፈችበት ያኔ ነው። ለእሷም አልነገራትም።

ጻፍኩት። አልዋሽሽም፣ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ሙት አይረሸን፣ ሙት አይሰደብ ብዬ። ልጃቸው ዘንድ ሌላ ከተማ ይኖሩ ስለነበር ቀብሩ እዚያ ተፈጽሟል ብለን ለቅሶም አልደረስንም። ወረቀቱን ሳስረክብ ኮሎኔሉን «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። «አሜን፣ ለዚህ ዝግጅት ብርታት ያስፈልገኛል» አሉኝ። መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ሳያነቡ ማኅደር ውስጥ ከተቱት። የሚያነቡትም መድረክ ላይ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ ረፋድ አዳራሹ በሽማግሌ ወታደር ሞላ። እኔና አባባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን። ኮሎኔሉ የአዋላጇን ታሪክ እያነበቡ «አራት ሺህ ከአሥራ አንድ» ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተና፣ የውሃው አለቃ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። አባባ ጉልበቴን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ቫልቭ ሲያዞር የኖረ እጅ ነው፤ ምልክቱ አሁንም አለ።

የእሳት አደጋው አለቃ ታሪክ ሁለት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ስንት መስመር እንደቀረ አውቃለሁ። ሄጄ ወረቀቱን ልንጠቅ ብድግ ስል አባባ ኮቴን ጎተተኝ። «ተቀመጥ» አለ በለሆሳስ፤ «ቃል ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንተ ፊደል ነው የደረደርከው።» ሰዎች አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ኮሎኔሉ ገጽ ገለጡ።

ሦስተኛውን የጻፍኩት ሁሉንም በ«ነበሩ» ነው። «ታታሪ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ሲባል አለቃው ወደ ልጃቸው ዞረው «አሁንስ ምን ሆንኩ?» አሉ፤ የፊቱ ረድፍ ሳቀ። «ከብዙ ድካም በኋላም አርፈዋል» ሲባል ጡረታቸው መስሏቸው ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ከዚያ «በዚያ የጦርነት በጋ» የሚለው መጣ። ኮሎኔሉ በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት፤ ጣታቸው «ማዶ ሰፈር» ላይ ቆመ። የቀረውን በልባቸው አነበቡት።

ከመድረኩ ወርደው ወረቀቱን ለአለቃው ሰጧቸውና «ይህ እውነት ነው?» አሉ። አለቃው አንብበው ሲጨርሱ ያዩት ኮሎኔሉን አልነበረም። ዞረው በዓይናቸው አባባን ፈለጉት። አገኙትም። ከዚያ ልጃቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ሰባት ቀን ከፍቻለሁ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም» አሉ። አባባ ከጎኔ ተነሣ፤ «ቁልፉ በኔ እጅ ነበር» አለ።

ከኋላ አንዱ «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸ። ወንበሮች ተንኳኩ። አንድ እጅጌው ባዶ የሆነ የድሮ አሥር አለቃ ብድግ ብሎ «እናቴ ማዶ ነበረች» አለ፤ «ተርፋለች» አለና ተቀመጠ። «ትእዛዙን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ ኮሎኔሉ። ወረቀቱን መልሰው ተቀብለው መድረኩ ላይ ወጡ፤ ጣታቸው ከቆመበት መስመር ጀምረው፣ ጮክ ብለው፣ እስከ ጫፍ አነበቡት። ግማሹ ሰው ጥሎ ወጣ። ሜዳልያውን ለአለቃው ሲሰኩላቸው መርፌው ደረታቸውን ወጋቸው። «ይኸው ተረሸንኩ» አሉ አለቃው።

ሲወጡ አባባ ፊት ቆሙ። «እስካርፍ ድረስ ብዬህ ነበር» አሉት። በኔ ሊያላክክ ይችል ነበር፤ «ተሳስቼ ነው፣ ጌታዬ» አለ እንጂ። «እንኳንም ተሳሳትክ» ብለው አቀፉት። «ያ ሰውዬ እናቴ ተርፋለች ሲል ሰምተኸዋል አይደል? ዛሬ ገና አረፍኩ።» እኔ አለቀስኩ። አባባ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዝም አለ። ኩራት ይሁን ድካም አልገባኝም፤ ምናልባት አንቺ ብትደውዪለት ይመልስልሽ ይሆናል።

ባለቤትሽን፣ ያቺን ሹፌር ሁሉ የሚገላምጣትን መኪናውን እንዲሸጥ ንገሪልኝ፤ ሰላም በይው። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሹን ቆሞ ከተገኘ ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው፤ ስላንቺ የሚሉትን ሁሉ እንዳላመንኩም ጨምሪበት።

ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሰኞ ግንቦት 9 ቀን

ፖስታውን ሳልለጥፍ፦ አባባ አሁን ተናገረ። ወደ ማዶ የሚሄደው ቧንቧ የሚያልፈው በድልድዩ ሥር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ጠግን ተብሎ የተላከው እሱ ነው፤ ድልድዩ የተመታ ዕለት ቧንቧውም ለሁለት ተቆርጦ ኖሯል። ይህን ለአለቃው እስከ ዛሬ አልነገራቸውም። የሰባቱ ቀን ውሃ ወንዙ ውስጥ ነው የገባው።