ከሙዚቃ ጎዳና ላይ ስለ ተነሡት የሸክላ ሳጥኖች

ለክብርት ወይዘሮ ጃኔል ሃልቨርሰን
የመሃል ከተማ ማስዋቢያ ማኅበር ዳይሬክተር
ሃርላን ፎልስ፣ ኦሃዮ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተረጋጋ መንፈስና ከሁሉም በላይ ከፐርል ጎዳና ራቅ ባለ ጸጥተኛ ስፍራ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ራቅ ባለ ያልሁት ለክፋት አይደለም። በጎዳናው የምንመላለሰው ሰዎች በየመብራት ምሰሶው ላይ ያሰቀሉልንን ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ ስንሰማ ስለምንውል፣ ቢያንስ አንድ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ አቤቱታችንን እንዲያነብልን ስለምንሻ ነው።

ጉዳዬ ይህ ነው። ማኅበርዎ በጸደይ ወራት፣ ከሱቅ በር ውጭ በእግረኛ መንገድ ላይ ማንኛውንም ዕቃ ማስቀመጥ ለጊዜው የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። በመጪው ሐሙስ ቦርድዎ ተሰብስቦ ደንቡ ቋሚ ይሁን አይሁን በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ቋሚ ከሆነ የዌንዴል ኮዛክ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት በረዶ ሳይጥል ይዘጋል። ይህን የሚለው ዌንዴል አይደለም፤ እሱ ሰው ማስቀየም ስለማይወድ ዝም ብሏል። የምለው እኔ ነኝ፤ ሰው ማስቀየም ያን ያህል አይከብደኝም።

በቅድሚያ ፐርል ጎዳናችንን «የሙዚቃ ጎዳና» ብለው ስለ ሰየሙልን ላመሰግንዎ ይገባል። ስሙ በተሰጠበት ዕለት በጎዳናው ላይ ሙዚቃ የሚባል ነገር የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምገባበት የዌንዴል ቤት። ስሙን ከእሱ ወስዳችሁ ታፔላ አሠራችሁ፣ ባንዲራ አሳተማችሁ፣ ሪባን ቆረጣችሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያው የማስዋብ ሥራችሁ የእሱን ሳጥኖች ከደጁ ማስነሣት ሆነ። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለውን ሰው ዕድሜ ልኬን በስም ብቻ ነበር የማውቀው። ጽሕፈት ቤት እንዳለው የተረዳሁት በእርስዎ ነው።

ቅሬታዎቼን ለአነባበብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛው ሳጥኖቹ ናቸው። በስብሰባ ላይ «ዝርክርክ» ብለው የጠሯቸው እነዚያ የእንጨት ሳጥኖች ከሱቁ መስኮት ሥር የተደረደሩ ነበሩ። በውስጣቸው ያለው ሸክላ ሁሉ ባለ አንድ ዶላር ነው፦ ልባሱ የተቀደደ፣ የሟች አክስት ስም በእስክርቢቶ የተጻፈበት፣ የገና መዝሙር፣ የአኮርዲዮን ፖልካ ጭፈራ፣ ከፈረሰ ትዳር የተረፈ የፍቅር ዘፈን። እንደ ሙዚቃ አብዛኛው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ይህንንም ለዌንዴል ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሥራቸው ግን ሌላ ነው። በአገራችን ሰው በእግሩ የሚሄደው ከመኪናው በር እስከሚፈልገው ሱቅ በር ድረስ ነው፤ ያንንም የሚሄደው ስልኩን እያየ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጡር መንገድ ላይ የሚያስቆመው ርካሽ ነገር የሞላበት ሳጥን ብቻ ነው። ሳንድዊች ሊገዛ የወጣው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሳጥኑን ያያል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ ጎንበስ ይላል። አንዱን በጣቱ ካገላበጠ ቀጥሎ ያለውን ሳያይ መሄድ አይሆንለትም። ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራል።

«ምን አገኘህ?»

«ይሄ አባቴ ዘንድ ነበር። ጢሙን ሲላጭ ነው የሚያጫውተው፤ እኛ በሩን ስንደበድብ።»

ከዚያ ሁለቱም ሊከፍሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ውስጥ ገብቶ አንድ ዶላር ብቻ ከፍሎ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሳጥኖቹ ከተነሡ ወዲህ ግን ሰው በሸክላ ቤቱ ፊት እንደ ባንክ ፊት ያልፋል። በሩ ክፍት ነው ይሉኝ ይሆናል። ለእኛ ሰው ክፍት በር ያስፈራዋል፤ ገብቶ ሰላም ተብሎ ባዶ እጁን መውጣት ያሳፍረዋል። ሳጥን ግን ሰላም አይልም። ይህን ልማድ ለማወቅ በዚህ አገር ማደግ ይበቃል፤ አማካሪ ድርጅት መቅጠር አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ለደንቡ የሰጡት ምክንያት ነው። «በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ወገኖቻችን መንገድ ለመክፈት» ብለዋል። በዚህ ላይ ደፍሮ የሚከራከርዎ እንደማይኖር ስለሚታወቅ ምርጫዎን አደንቃለሁ። ይሁንና ሉአን ፒትስ የምትባል በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ የዌንዴል የቅዳሜ ደንበኛ አለች። በሱቁ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ለቆመ ሰው ቁመት የተሠሩ ናቸው፤ መተላለፊያውንም ዌንዴል ራሱ በጎኑ ነው የሚያልፈው፤ ለዚህ እሱንም ወቅሼዋለሁ። ስለዚህ ሉአን በገዛ እጇ ልታገላብጥ የምትችለው የውጭዎቹን ሳጥኖች ብቻ ነበር። ደንቡን ስትሰማ ያለችውን እንዳለ አቀርባለሁ፦ «በእኔ ስም ነው የከለከሉት? ደግ አደረጉ! መንገዱማ ተከፍቶልኛል፤ የምሄድበት ነው የጠፋው።»

በተከፈተውም መንገድ ላይ ማኅበርዎ ብዙ ሳይቆይ ከብረት የተሠራ ግዙፍ ሸክላ አቁሟል። ከሳጥኖቹ ይልቅ ወደ መንገዱ ዘልቆ ስለ ገባ ሉአን እሱ ዘንድ ስትደርስ ወደ መኪናው መንገድ ወርዳ መዞር አለባት። እንደ ጥበብ ሥራ ልፈርድበት አልፈልግም። ነገር ግን የሠራው ሰው ሸክላ በእጁ ይዞ አያውቅም። ሸክላ ከዳር ጀምሮ እየተጠመዘዘ ወደ መሃል የሚገባ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ መርፌው መንገድ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። የእናንተ ብረት ላይ የተቀረጹት ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተዘጉ ክቦች ናቸው። መርፌ ቢቀመጥበት ያችኑ አንዲት ቅጽበት ለዘላለም ይደጋግማል፣ ወደ መሃሉም አይደርስም። ይህ የማኅበርዎን ስብሰባዎች ለመዘከር ታስቦ የተደረገ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ታላቅ የጥበብ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴን እንዳልስት እግዜር ይርዳኝ። ሚስ አይዳ ሞስሊ በወጣትነታቸው በዚሁ ከተማ አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀርጸው ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ በማብሰል ነው። ዌንዴል ሸክላቸውን ከእነዚያ ዝርክርክ ሳጥኖች በአንዱ አግኝቶ፣ እሳቸውንም አፈላልጎ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲዘፍኑ ጋበዛቸው። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ በሩ ላይ ቆሙ፤ የእህታቸው ልጅ በጊታር አጀባቸው፤ ሕዝቡም በእግረኛው መንገድ ላይ ተሰበሰበ። አፋቸውን ሲከፍቱ ከራሳቸው በላይ በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ማጉያ አብሮ ጮኸ።

ያ ምሰሶ የሚያወርደውን ነገር ሙዚቃ ማለት ይከብደኛል። ከበሮውን ሰው አልመታውም፣ ፉጨቱን ሰው አላፏጨውም፤ ሰዎች ካልሲ ሲገዙ እንዳይከፋቸው ታስቦ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ሚስ አይዳ መዝፈኑን አቁመው ወደ ላይ ቀና አሉና ምሰሶውን፣ «አንተ ቀድመሃል የኔ ልጅ፣ ጨርስ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሰሶው ግን አልጨረሰም፤ የሚያወርደው ነገር መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው።

ወደ ማኅበርዎ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ሰው ትሕትናው ወደር አልነበረውም፦ «ጌታዬ፣ ሙዚቃውን የሚቆጣጠረው ኩባንያ አሪዞና ነው ያለው፤ ዛሬ ደግሞ አይሠሩም። ምርጫው ከተስማማዎት ግን በድረ ገጻችን ላይ ኮከብ ሊሰጡን ይችላሉ።» ኮከብ! በመጨረሻ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መሰላል ተሸክሞ መጥቶ፣ ላይ ወጥቶ ማጉያውን በክረምት ጃኬቱ ጠመጠመው፤ ድምፁም በትራስ እንደታፈነ ሰው ድምፅ ሆነ። ለዚህ በጎ ሥራው ሰኞ ዕለት «የሕዝብ ንብረት ነክተሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ልካችሁለታል።

ሚስ አይዳ ግን ዘፈኑ። ድምፃቸው እንደ ወጣትነታቸው አይደለም፤ ከፍ ይል የነበረው ከድቷቸዋል፤ እሳቸውም ያውቁታል። ዘፈኑ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ንግግር አስጠግተው፣ ከሥር አለፉት። ከላይ ቢሄዱበት ያን ያህል ባላመመን ነበር። አጠገቤ የነበረ ሰው ሊቀርጽ ስልኩን አንሥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ጎዳናው ከተሰየመበት ቀን ጀምሮ በላዩ ከሆነው ሁሉ ሙዚቃ ብዬ የምጠራው ይህን ብቻ ነው፤ የሆነውም እናንተን በጃኬት አፍኖ ነው።

አራተኛው በሰኔ ያዘጋጃችሁት በዓል ነው። የፊቱ ወንበሮች ለስፖንሰሮች ተይዘው ነበር፤ ስፖንሰሮቹም ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው የጎድን ጥብስ ሲበሉ አመሹ። ከእነሱ ኋላ በማለዳ መጥተው ታጣፊ ወንበራቸውን ተክለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች የተዉዋቸው ባዶ ወንበሮች ነበሩ፤ በአገራችን ወንበር ተክሎ መሄድ ርስት እንደ መያዝ ስለሚቆጠር ማንም አይነካቸውም። ሙዚቃውን የሰማው ከዚያ ሁሉ ኋላ የቆመው ሕዝብ ነው። ሲያልቅ ስፖንሰሮቹ አፋቸውን ጠርገው በአንድነት ብድግ ብለው አጨበጨቡ። በሕዝባችን ዘንድ ተነሥቶ ማጨብጨብ ከእንግዲህ አድናቆት አይደለም፤ ወደ መኪናው ለመሄድ መነሣት ነው። በዚያው ምሽት የጎዳናውን «የሙዚቃ መንፈስ» ሽልማት ለማን እንደ ሰጣችሁም አይቻለሁ፦ ከማዶ ላለው፣ የድሮ ባንዶች ስም የታተመበት ቲሸርት ለሚሸጠው ሱቅ። ከገዢዎቹ አንዱን ደረቱ ላይ ስለ ለጠፈው ባንድ ብጠይቀው፣ «እኔንጃ ወንድሜ፣ ቀለሙ ነው ደስ ያለኝ» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ለቦርድዎ አባልነት በትሕትና እጠቁመዋለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ። ስለ እርስዎ የግል የሙዚቃ ምርጫ ነበር። ዌንዴል ረቂቁን አንብቦ፣ «ኧረ ዋረን፣ እሱን እንኳ አውጣው፤ ሴትዮዋ አንድ ቀን ገብታ ሸክላ ልትገዛ ትችላለች» ስላለኝ አውጥቼዋለሁ። የዚህ ሰው ተስፋ አንዳንዴ ያናድደኛል።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሳጥኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ዌንዴል ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ፣ የሉአን ወንበር ተዝናንቶ እንዲያልፍ አድርጎ ሊደረድራቸው ዝግጁ ነው፤ ሉአን ራሷ ወዲያና ወዲህ ተመላልሳ አረጋግጣለች። ሐሙስ ዕለት ሁላችንም በስብሰባው እንገኛለን። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ እንደሆነ ለሚስ አይዳ ብነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ጎደለ? አንድ ዘፈን እኮ ነው» ብለዋል። በዚያ ዕለት ማጉያ እንዳይከፈትባቸው ከአሁኑ ለአሪዞና ቢያስታውቁልን ውለታዎ አይረሳም።

ለማኅበርዎ ያለኝን አክብሮት ለሥራው በሚመጥን መጠን በጥንቃቄ ለክቼ ከዚህ ጋር እየላክሁ፣ ክብርትነትዎ ጎዳናችንን ማስዋብ ጨርሰው በቅርቡ ዕረፍት የሚያገኙበትን ቀን ከመላው የፐርል ጎዳና ነዋሪ ጋር በናፍቆት የምጠባበቅ፣

ዋረን ቲልማን
ሃርላን ፎልስ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ወደ ከተማችን ጋዜጣ ልልክ ስል፣ ለጎብኚዎች መጽሔት ጎዳናውን ፎቶ እንዲያነሣ እርስዎ የላኩት ባለሙያ ሸክላ ቤቱ ደረሰ። ከማዶ ቆሞ በመሣሪያው ደጋግሞ ካየ በኋላ ተሻግሮ መጥቶ ዌንዴልን፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቦታው ሞተብኝ። ደጅ የሚቀመጥ ነገር የለዎትም? አሮጌ ሳጥን፣ ምናምን? ለፎቶው ያህል ብቻ» አለው። ዌንዴል ሳጥኖቹን አወጣ። ባለሙያው ጓዙን ሳይሰበስብ ሳጥኖቹን ሰው ከቧቸው ነበር፤ እሱም ሁለት ሸክላ ገዝቶ ሄደ። እንግዲህ በእርስዎ ትእዛዝ የወጡትን ሳጥኖች ያለ እርስዎ ትእዛዝ ማስገባት ድፍረት መስሎ ስለታየን እዚያው ናቸው። ዌንዴል ወገቡን ያመዋል፤ እኔም አላስገባም። ከቦርድዎ አባላት ማስገባት የሚፈልግ ካለ ሱቁ በሚከፈትበት በማንኛውም ሰዓት መጥቶ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት ማንሣት ይችላል። ሸክላ ግን ከባድ ነው፤ ጉልበት ያለው ይላኩ።