ከድልድዩ እስከ በራችን አራት ደቂቃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ሻለቃን ሸኘሁት። ሃያ ሦስት ዓመት የነዳሁትን መኪና። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሲነሳ ስለሚያዝዝ፣ ሲቆም ስለሚቆጣ። መካኒኩ ገዛው። "ለመለዋወጫ ነው ጋሼ፣ እፈታታዋለሁ" አለኝ። እፈታታዋለሁ! ጡረታ ለሚወጣ መኮንን የሚባል ነገር ነው?

በምትኩ ሃይብሪድ የሚሏት ነጭ መኪና ገዛሁ። ሻጩ አስረዳኝ፤ ስትፈልግ በቤንዚን፣ ስትፈልግ በባትሪ ትሄዳለች አለ። ስትፈልግ... እኔስ? ሁለት ልብ ያለው ነገር አላምንም። ግን ፈረምኩ።

ቁልፍ አይገባባትም። የምትጫን ክብ ነገር አለች። ተጫንኳት። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። "ማስነሻው ሞተሪኖ ሞቷል" አልኩት ሻጩን በኀዘን። "ጋሼ፣ አንዴ እያስነሱ አንዴ እያጠፉ እኮ ነው" አለኝ።

ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ ዋለ። የለም። ከዛሬ ጀምሮ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የውርደት ቀን።

ጠዋት ትራፊክ መብራት ላይ ቆምኩ። ሞተሩ ቀጥ አለ። እንዲሁ፣ ሳይስል፣ ሳይንፈራፈር። ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ከኋላዬ የክላክስ መዓት። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

"ምን ሆኑ አባት?"

"ሞተሩ ሞተ።"

አየት አደረገ። "አልሞተም። ዝም ብሎ ነው።"

"ዝም የሚል ሞተር አይቼ አላውቅም።"

"እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሹፌር አላየሁም። ይዝጉትና ይሂዱ።"

ይህ ግን ምንም አይደለም። ቢሮ ደረስኩ። እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ "የሥርዓት ተምሳሌት" ተብለን ዋንጫ የተሸለምን ክፍል ነን። በሻለቃ ዘመን በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው እንደ ችካል ቆሞ፣ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ እየጻፈች፣ ሁለቱ የመዝገብ ሠራተኞች ፋይል ተሸክመው ሲሮጡ ነበር የማገኛቸው። ሁልጊዜ! ይህን ሳይ ልቤ ይሞቅ ነበር።

ዛሬ ጥበቃው ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ጸሐፊዋ የታጠበ የእግር ሹራብ መደርደሪያው ላይ አስጥታለች፤ ያውም በፊደል ተራ በተደረደሩት ፋይሎች ላይ። ሁለቱ ሠራተኞች ደግሞ... ጠረጴዛዬ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። የዓምናዋ ዋንጫ የሲጋራ መተርኮሻ ሆናለች።

ጸሐፊዋ ቀና ስትል ጮኸች። "በእግርዎ ነው የመጡት?"

"በመኪና።"

"ታዲያ ሳንሰማ?!" አለች፤ እንደ ተበደለ ሰው፣ በቁጣ።

ለካ አሥራ አንዱን ዋንጫ ያመጣው ከሩቅ የሚሰማው የሻለቃ ማርሚታ ጩኸት ነው። እኔ ሹፌሩ ነበርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የነዳጅ መለኪያው ከሰኞ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። በጣቴ መታሁት። ምንም። የማይበላ እንግዳ ያስፈራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ልጻፈው ወይስ ልተወው? ልጻፈው።

ቤታችን የብረቱን ድልድይ ተሻግሮ መንገዱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ሦስቱን ቀን መኪናዋን ስለማመድ አምሽቼ ነበር የምገባው፤ ዛሬ ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ደረስኩ። የግቢው በር ክፍት ነበር። ገብቼ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ቆምኩ። ያቺን ክብ ነገር ፈልጌ እስካጠፋት ድረስ... ሳቅ ሰማሁ።

ከቤቴ። የሦስት ሴቶች ሳቅ። የባለቤቴ፣ የአማቴና የልጄ። ባለቤቴ እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት መቼ ነው? ከመጋባታችን በፊት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ ድምፄ ሳሎን ነው!

"ሰዓት... እህ እህ... የሰው ልጅ... እህ... ጌታ ነው!"

ልጄ ናት፤ የዘወትር አባባሌን ከነሳሉ ትደግማለች። ቁርጥ እኔን።

"ሳሏን ድገሚያት፣ በሞቴ ሳሏን!" አማቴ ናቸው። በመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። ሁለት እግራቸውን ዘርግተው ሰቅለዋል። የት? ወንበሬ ላይ። ማንም የማይቀመጥበት፣ የኔ ወንበር ላይ።

ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ ወረድ አለ። "በይ ቀልዱን ተይና ንገሪው።"

"አልችልም እማዬ። እሁድ ጠዋት እሱ ሲታጠብ እወጣለሁ። ደብዳቤውን ወንበሩ ላይ ትቼለት።"

"የሁለት ቀን መንገድ እየሄድሽ፣ በደብዳቤ? ልጅ አባቷን በደብዳቤ ትሰናበታለች?"

"በምን ቋንቋ ላናግረው? ከሱ ጋር የማውቃት አንድ ቃል 'እሺ አባዬ' ናት። መዝገብ ቤት ወንበር አዘጋጅቶልኛል። እኔ የተማርኩት መንገድ ቅየሳ ነው። ሥራው የተገኘው ደግሞ እዚያ ነው። ይህን ብነግረው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።"

"ባይሆን ቀስ ብለሽ..."

አማቴ ጣልቃ ገቡ። "አትሸበሩ፣ ገና መኪናው ከድልድዩ አልተሰማም። ከተሰማም አራት ደቂቃ አለን።"

ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው" ይባላል። የኔ ጆሮ ዛሬ ዘመድ ሆነኝ። ምነው ባዕድ ሆኖ በቀረ!

ምን አደረግሁ? ወደ ኋላ ነዳሁ። ከገዛ ግቢዬ፣ እንደ ሌባ። መንገድ ላይ ጥቂት ቆይቼ ተመለስኩና የመኪናዋን በር ጓ አድርጌ ዘጋሁት። ስገባ ባለቤቴ ልብስ ታጥፋለች። አማቴ ዱካቸው ላይ፣ በአጭሩ በርጩማቸው፣ ኩምትር ብለዋል። ልጄ ክፍሏ ናት።

ወንበሬ ሞቅ ያለ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ጠዋት ልጄን "ላድርስሽ" አልኳት። ደነገጠች። ገባች።

እንግዲህ ልናገር ነው። ሰምቻለሁ ልበላት? የሥርዓት ተምሳሌት መስኮት ሥር ተደብቆ ሰማሁ ሊል? ወይስ ዝም ብዬ "አትሂጂ" ልበል? ወይስ "ሂጂ"?

መኪናዋ ደግሞ ጸጥ። በሻለቃ ጊዜ እኮ ጥሩ ነበር! አንድ ነገር ስትለኝ "አልሰማሁሽም" እላለሁ፤ እሷም "ተወው" ትላለች፤ አለቀ። ሃያ ሦስት ዓመት በመካከላችን እየጮኸ አኗኗረን። አሁን ምራቅ ስትውጥ እንኳ ይሰማል።

"መኪናዋ እንዴት ናት አባዬ?"

"ነዳጅ አትበላም።"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው።"

ሁለት መንገድ አለፍን። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ምን ይሆን? "ለሚቀጥለው ወር ወንበርሽ ተዘጋጅቷል። መስኮት አጠገብ ነው።"

"እሺ አባዬ።"

ይህን አፌን ምን ነካው?

ከሰዓት መካኒኩ ጋ ሄድኩ። ሻለቃ ጥግ ላይ ቆሟል፤ አልተፈታም። "ለዚች መኪና ድምፅ ግጠምላት" አልኩት። ከመኪና ሥር ብቅ አለ። "ሰው ድምፅ አጥፋልኝ ብሎ ይመጣል እንጂ ግጠምልኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምን ሆኑ ጋሼ?" ምን ልበለው? ቤተሰቤ ሲስቅ ይዤው ነው ልበለው?

ማታ ድልድዩ ላይ ስደርስ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ቆሜ አራት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ በሰዓቴ። ከዚያ ገባሁ። ሁሉም በየቦታው። ሁሉም ዝም። ወንበሬ ቀዝቃዛ። የፈለግሁት ይህን አልነበረም? ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ስኮራ አልነበረም?

እንደ ባዶ ቤት ሆነብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ነገ ትሄዳለች።

ምሳ በላን። አራታችንም ሳሎን ነበርን። እኔ ወንበሬ ላይ። ባለቤቴ ሬዲዮ ከፍታ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። አማቴ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ልጄ ሱሪ ትተኩሳለች፤ አምስተኛ ሱሪዋ ነበር። ለምን አምስት ሱሪ እንደምትተኩስ የማላውቅ መስዬ ተቀምጫለሁ። ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ያኔ ከድልድዩ በኩል... ግርርር... ጓ! ጓ!

ሻለቃ!

አማቴ እንደ ሃያ ዓመት ኮረዳ ብድግ አሉና ወንበሬን በመሀረባቸው ማራገፍ ጀመሩ፤ እኔ ተቀምጬበት፤ ጉልበቴን ነው የሚያራግፉት። ባለቤቴ ሬዲዮውን ጠረቀመችው። ልጄ ካውያውን ነቅላ፣ ሱሪውን ታቅፋ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔስ? እግዜር ያሳያችሁ፤ እኔም ብድግ ብዬ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። መጣ! ብዬ ደነገጥኩ።

ማን?

ሁላችንም በቆምንበት ደረቅን። ልጄ በሩ ላይ፣ ካውያው በእጇ። አማቴ እኔን አዩኝ፣ መስኮቱን አዩ፣ መልሰው እኔን።

"አንተ ልጅ፣ አንተ እዚህ ካለህ፣ ታዲያ የሚመጣው ማነው?"

መጀመሪያ የፈነዳችው ባለቤቴ ናት። ቀጥሎ አማቴ ዱካው ላይ ዘጭ ብለው። ልጄ አፏን በሱሪው ይዛ ተንፈቀፈቀች። በፊቴ! ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ስትስቅ አየኋት። ጥርሷ የእናቴ ነው። አላውቅም ነበር።

እኔም አልቀረሁም፤ "ሰዓት የሰው ልጅ ጌታ ነው" አልኩ።

"ሳሉ ቀረ" አለች ልጄ፤ አምልጧት።

"ደብዳቤውን አምጪ።"

ሳቁ ተቆረጠ። "የ... የቱን?"

"ነገ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን።"

ካውያውን አስቀመጠች። ባለቤቴ መርፌዋን ያዘች፣ ለቀቀች። "እንዴት አወቅህ?" አለችኝ።

"መኪናዋ ድምፅ የላትም።"

ልጄ ደብዳቤውን አመጣች። ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። "አለሁ አይደል፣ አንብቢልኝ" አልኳት።

"አባዬ፣ ይህን ስታነብ ድልድዩን አልፌያለሁ..." አለች። ከዚያ ወዲያ መቀጠል አቃታት። እኔም ማዳመጥ።

በሩ ተንኳኳ። መካኒኩ ነው፤ የሻለቃ ቁልፍ በጣቱ ላይ ይሽከረከራል። "ልፈታው ብዬ እጄ እምቢ አለ። ትናንት ድምፅ ሲፈልጉ ሳይ ደግሞ... ይዤልዎት መጣሁ ጋሼ። መልሰው ይወስዱታል?"

ሦስቱም ሴቶች እኔን አዩ።

"ጡረታ የወጣ መኮንን ወደ ጦር ሰፈር አይመለስም" አልኩት። "አንተ ንዳው። ከዛሬ ወዲያ ግን በኛ ድልድይ አትለፍ።"

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ወሰድኳት። አርባ ደቂቃ። አወራን። ቅየሳ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ምን እንደተማረች እኮ ጠይቄ አላውቅም። መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገዱን የምታይ እሷ ናት ለካ። መብራት ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ደነገጥኩ። እሷ ግን አላቋረጠችም።

"ካልወደድሽውስ?" አልኳት።

"ካልወደድኩት በደብዳቤ አልነግርህም።"

መናኸሪያው ጋ ሻንጣዋን አወረድን። "አባዬ፣ መኪናዋን አላጠፋሃትም።" እውነቷን ነው። ጸጥ ስላለች ያጠፋኋት መስሎኝ! "ተያት፣ ትቆይሽ" አልኩ። የማይረባ መልስ። የመጣልኝ እሱ ነው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገቷን አወጣች። "ሰዓት... እህ እህ... የሰው ልጅ ጌታ ነው!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሳሏ ከኔው ይሻላል።

ስመለስ መኪናዋ ውስጥ የሚሰማው የኔ አፍንጫ ብቻ ነበር። ሻለቃ ቢሆን ይሸፍንልኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቢሮ፦ የእግር ሹራቡ ከመደርደሪያው ወርዷል። ዋንጫዋን ራሴ አጠብኳት።

ማታ ክላክስ ሳልነፋ ገባሁ። አማቴ ብቻቸውን ናቸው፤ እግራቸው ወንበሬ ላይ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ከድልድዩ አልሰማሁህም።"

"ድምፅ የላትም እማማ።"

"ታዲያ ምን ላድርግህ?" አሉና የእግር ሹራባቸውን እስከ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። እግራቸውን አላወረዱም።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ይይዛል። ግን ከዚያ ሲያዩ ድልድዩ ወለል ብሎ ይታያል ለካ። እስኪመሽ ተቀመጥኩበት።