ለአባዬ ማን ነገረው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቡራዩ

ዛሬ ጠዋት አባዬ «ቄሱን ጥሩልኝ» አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤት አስታሙት» ማለቱን ደብቀነው ነበር። ታዲያ ማን ነገረው? የወንድሜን ሚስት ጫልቱን ጠረጠርኩ፤ እሷ ጋ ምሥጢር አያድርም። ጓዳ ወስጄ አፋጠጥኳት።

«በማርያም! ትንፍሽ አላልኩም። አንቺ የወንጀል ፖድካስት አብዝተሽ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ይመስልሻል» አለችኝ። መማሏ ራሱ አላማረኝም።

ከሰዓት አባዬ እንቅልፍ ሲወስደው፣ እንደ ልማዴ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ያንን ሌላውን ፖድካስት ከፈትኩ፤ ለሞት የቀረበን ሰው ስለማስታመም የሚያወራውን። የጆሮ ማዳመጫዬ ስለተበላሸ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለኝ አባዬ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ይሄንን ትናንት ሰምተነዋል። ቀጣዩን ክፈቺው።»